በእርጅና ዘመን ከሰው ላለመራቅ፦ ለወሎ አዛውንቶችና ለልጆቻቸው የቀረበ መመሪያ

«አሁንስ ይበቃዎታል፣ አርፈው ይቀመጡ፤ ከእንግዲህ የእርስዎ ድርሻ ምርቃት ነው።» ከከሚሴ እስከ ቆቦ፣ ከደሴ እስከ ላሊበላ ወላጆቹ ያረጁበት ልጅ ሁሉ ይህን ይላል። በፍቅር እንደሚለው አልጠራጠርም፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ያሰበው አይሆንም። በሬውን ሌላ ይጠምዳል፣ ገበያውን ሌላ ይወጣል፣ የቤቱን ጉዳይ ሌላ ይመክራል። አዛውንቱ መደብ ላይ ተቀምጠው የምሳ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ነገር ይሰለቻቸዋል፣ ይቆጣሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሰው በእርጅናው የሚከፋው ጉልበቱ ስለደከመ ብቻ አይመስለኝም። የሚከፋው የሚፈልገው ሰው ሲያጣ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ከሰው የሚለየንን ነገር እያስወገዱ፣ ሰው እንዲፈልገን የሚያደርገውን ነገር አጥብቆ መያዝ።

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመሩት ጥናት ወጣቶችን እስከ እርጅናቸው ድረስ ተከትሏል። በ50 ዓመታቸው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት ያረካቸው ሰዎች በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና ነበራቸው፤ ይህንንም ከኮሌስትሮል መጠን ይልቅ የግንኙነታቸው ሁኔታ አስቀድሞ አመልክቷል። ወሎ ለዚህ ቅርበት መሣሪያው አላት፦ ቡናው፣ ቅሬው (ሌላው አገር እድር የሚለው)፣ ሰንበቴው፣ ዱዓው፣ ሽምግልናው አለ። ችግሩ ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚያቋርጠው እነዚህኑ መሆኑ ነው።

አንደኛ፦ ዓይን፣ ጆሮና የደም ግፊት ይቅደሙ

ብዙ አዛውንቶች ከሰው የሚርቁት ሰው ጠልተው አይደለም። በመንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ፊት መለየት ሲያቅታቸው «ኮሩብን» እንዳይባሉ ከቤት መውጣት ይተዋሉ። በጨዋታ መካከል ወሬው ሲያመልጣቸው «ምን አላችሁ?» እያሉ መጠየቅ ያሳፍራቸውና ዝምታን ይመርጣሉ። ስለዚህ ስለ ደስታ ከማውራት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቀድማል።

በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ይህ ግርዶሽ በመነጽርም በጠብታም አይለቅም፤ በቀዶ ሕክምና ግን ይወገዳል። ሐኪሙ የደፈረሰውን የዓይን ምስሪት (ሌንስ) አውጥቶ ሰው ሠራሽ ምስሪት ይተካል። ዓይን ብቻ ስለሚደነዝዝ ሙሉ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላው በአካባቢያችን የበዛው ትራኮማ ነው። የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፋቅ ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ብሌኑም መጎዳቱን ይቀጥላል፤ ቆቡን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ግን አጭር ነው። ደቡብ ወሎ ላሉ ሰዎች ከደሴ ብዙም የማይርቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ለሌላው ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የዓይን ሕክምና ዘመቻ መቼና የት እንደሚደረግ ቀድማ ትሰማለችና እሷን መጠየቅ ጥሩ ነው።

ለሕክምና ሲወጡ ብቻዎን አይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሕመሜ ምንድን ነው? መድኃኒቱን እስከ መቼ ነው የምወስደው? ምን ባይ ነው ቶሎ የምመለሰው? መልሱን አብሮዎት የመጣው ልጅ ይጻፈው።

ጆሮን በተመለከተ፣ አንዳንዴ የመስማት ችግር የሚመጣው ከተከማቸ ኩክ ነው። በእንጨት ወይም በላባ አይጎርጉሩት፤ በጤና ተቋም ይታጠባል። ከዚያ በኋላም ካልተሻለ የመስሚያ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ይጠይቁ። ችላ የተባለ የመስማት ችግር ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ስለታወቀ ነገሩን በ«ደንቆሮ ሆኑ» ሳቅ ማለፍ አይገባም። ቤተሰብም መጮኹን ይተው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ብርሃን ባለበት፣ ረጋ ብሎ መናገር ከጩኸት ይበልጣል።

የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። መድኃኒት ከጀመሩ «ተሽሎኛል» ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ የተሻለዎት መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ቀድሞ የገባው ጨውም ይቆጠራል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ የልብ ምትንና ግፊትን እንደሚጨምር፣ እንቅልፍንም እንደሚነሳ አውቀው ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ስለ ወጪው፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። መዋጮው በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእድሳት ጊዜ ካለፈ በታመሙ ቀን ደብተሩ አይሠራምና እድሳቱን ለአንድ ልጅ በኃላፊነት ይስጡ። መክፈል የማይችሉ ሰዎች በቀበሌው ተለይተው ያለ መዋጮ የሚታቀፉበት አሠራርም አለ፤ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛ፦ እግር እንዳይታሰር

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን ወደ ሃያ ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሚዛን ለመጠበቅና ጡንቻ ለማጠንከር የሚረዳ እንቅስቃሴ ይጨመራል። ገጠር የሚኖሩ አዛውንት የመጀመሪያውን ሳያውቁት ያሟሉታል። የሚቸገሩት ልጆቻቸው ወደ ከተማ አምጥተው አራት ግድግዳ ውስጥ ያስቀመጧቸው ናቸው።

እንዲህ ይጀምሩ። ጠንካራ መደብ ወይም ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ እጅዎን ሳይጠቀሙ ይነሱ፤ ካቃተዎት ጉልበትዎን ተደግፈው ይነሱ። አምስት ጊዜ ይበቃል፤ ሳምንት በሳምንት ወደ አሥር ያሳድጉት። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው በአንድ እግር ለጥቂት ጊዜ ይቁሙ፣ ከዚያ እግር ይቀይሩ። ስግደትና ሶላትም ለጉልበትና ለወገብ እንቅስቃሴ ናቸውና ሰውነት እስከቻለ ድረስ አይተዉ። ጉልበት እምቢ ሲል ተቀምጦ መጸለይንም መስገድንም ሁለቱም ሃይማኖቶች ይፈቅዳሉ።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነች፤ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። ምርኩዝ መያዝን እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት፤ ወደ ጎረቤት መሄድ የሚያስችልዎት እሱ ነው። ምርኩዙ ሲቆሙ ከእጅ አንጓዎ ትክክል ይድረስ፤ ጫፉ ላይ ጎማ ይደረግበት። ማታ ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ራስዎን ካላዞረዎት ይቁሙ። ባትሪ ከራስጌ አይጥፋ። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ የሚጨበጥ እንጨት ይተከል፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥም አንድ መያዣ ይመታ። የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙ አዛውንትን ከአልጋ አውሎ ያስቀራል፤ ለመከላከል የሚያስፈልገው ግን አንድ የባሕር ዛፍ አጠናና ጥቂት ምስማር ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ሥራ በእጅዎ ይቆይ

ከባዱን ሥራ ይልቀቁ፣ ሥራን ግን አይልቀቁ። የእርስዎ ብቻ የሆነ፣ እርስዎ ካልሠሩት የሚቀር አንድ ነገር ይምረጡ። ጓሮው ሊሆን ይችላል፦ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጌሾው። ንብ የሚያውቅ ሰው ሁለት ቀፎ ይያዝ። እናቶች ፈትሉንና ስፌቱን አይጣሉ፤ ዓይን ከታከመ እጅ የለመደውን አይረሳም። ከመንግሥት ሥራ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ሂሳብ ሠራተኛ ለሰፈሩ ልጆች ማታ ማታ ማስጠናት፣ ለቅሬው መዝገብ መያዝ ይችላል።

ምርጫው ሦስት ነገር ያሟላ፦ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚመለስ ይሁን፣ ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን፣ በመጥፎ ቀንም በጥቂቱ የሚሠራ ይሁን። ሦስተኛውን አዛውንቶች ይዘነጉታል፤ በጎልማሳነታቸው ልክ ጀምረው ወገባቸውን ያማቸውና እርግፍ አድርገው ይተዉታል።

አራተኛ፦ ቡናውን አያስቀሩ

ለብቻ የሚኖሩ እናት «ለማን ብዬ አፈላለሁ?» ብለው ቡናውን ሲተዉ እጅግ ያሳስበኛል። በወሎ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ይከባል፣ ታላቁ ሰው ይመርቃል። ያ ምርቃት ለአዛውንት ትልቅ ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሜን» የሚለው ለእሱ ነውና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶችን ይምረጡና ተራ ያውጡ፤ ሰኞ በእገሊት ቤት፣ ረቡዕ በእርስዎ ቤት፣ ዓርብ በሦስተኛዋ። ቀኑ ከታወቀ መጥራት አያስፈልግም፤ የቀረ ሰው ካለ ደግሞ ለምን እንደቀረ አንድ ሰው ሄዶ ያያል። ብቻውን ለሚኖር አዛውንት ከዚህ የሚሻል ጥበቃ አላውቅም፤ የታመመ ሰው ሳይታወቅ ሳምንት አይቆይም። ቡናው፣ ስኳሩና ቆሎው በየተራ ከሆነ ማንም አይከብደውም። ቁርሱን ማሳመር ግን ክልክል ይሁን፤ ድግስ ሲሆን አቅም የሌለው ይቀራል። እንቅልፍ እምቢ የሚልዎት ከሆነ ከቀትር በኋላ ያለውን ቡና ትተው የጠዋቱን ይጠጡ፤ ከሰዓት ሲገናኙ ለእርስዎ የአብሽ ወይም የጤና አዳም ውኃ ይቅረብልዎት። ዋናው ከክቡ አለመጥፋት ነው።

ወንዶች በዚህ በኩል ከሴቶች ይቸገራሉ። የሚገናኙት በሥራ፣ በገበያና በችሎት ስለነበር ሥራው ሲቀር ሰውም ይቀርባቸዋል። ለእነሱ ሽምግልናውና ቅሬው ይሻላል። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የወሰን ክርክር፣ የደም ጉዳይ ሲመጣ ዛሬም አበጋር፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ይፈለጋል። የቅሬ ዳኛ ለመሆን አቅም ባይኖርዎ እንኳ በወሩ ስብሰባ ይገኙ፣ ሐዘን ቤት ሄደው ይቀመጡ። ድንኳን መትከልና መቃብር መቆፈር የወጣት ነው፤ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ግን የሽማግሌ ሥራ ነው፣ ወጣትም አይችልበትም። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት ዋዳጃውም እንዲሁ ነው። ለግሸን ማርያም የመስከረም 21 ንግሥ ዳገቱን መውጣት ያልቻለ ሰው የሚሄዱትን መንገደኞች ስንቅ ማሰናዳት ይችላል።

አምስተኛ፦ መሬቱና ገንዘቡ በወረቀት ይሁን

ስለዚህ ጉዳይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፤ የብዙ አዛውንት ደስታ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። በሕይወት ሳሉ ሁሉን ለአንድ ልጅ አስረክበው በኋላ የሰው እጅ የሚያዩ አሉ። ልጁ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ያገባል፣ ኑሮ ይከብደዋል፣ ወይም ከአገር ይወጣል።

ማረስ ካልቻሉ መሬቱን ለእኩል ይስጡ ወይም ያከራዩ፤ ባለይዞታነቱ ግን የእርስዎ ይቆይ። ለልጅም ቢሆን ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርምበት፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን ያረጋግጡ፤ አንዱ ቀድሞ ሲሞት ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኑዛዜ ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ልጆችን ከክርክር ማዳን ነው።

ተቀጣሪ የነበሩ ሰዎች የጡረታ መብታቸውን ያጣሩ። ጡረታ በየወሩ እንዲከፈል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በጡረታ ሕግ ታቅፈዋል። መሥራት የማይችሉና ደጋፊ የሌላቸው የገጠር አዛውንቶች ደግሞ ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ከሆኑ ያለ ሥራ የሚሰጠውን የቀጥታ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

ስድስተኛ፦ ሐዘንን ለብቻ አለመያዝ

ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የወሎ ሰዎች የ1966ንም የ1977ንም ረሃብ አይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደጃቸው አልፏል፤ ልጅ የቀበሩ አሉ፣ ልጃቸው የት እንደወደቀ ያላወቁም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች «እርሱት» ማለት አይረባም። መናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ አይገደድ። የሚናገሩትን የልጅ ልጆች በስልክ ቢቀዱት መልካም ነው፦ የትውልድ ቆጠራውን፣ በክፉ ቀን ማን ለማን እንደደረሰ፣ መንዙማውን፣ በአምባሰልና በባቲ ቅኝት የሚያንጎራጉሩትን ግጥም ሁሉ። የተቀዳ አዛውንት ታሪኩ እንደሚፈለግ ያውቃል።

ሐዘን እና ድብርት ግን ይለያያሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ምንም ነገር ደስ አለማለት፣ ምግብ መጥላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማደር፣ «ሸክም ሆንኩ፣ በሞትኩ» ማለት ሲደጋገም ይህ እርጅና አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በምክርም በመድኃኒትም ይድናል። ጠበሉን ወይም ዱዓውን ከሕክምናው ጋር ያስኪዱ፤ መድኃኒቱን ግን ለእነሱ ብለው አያቋርጡ። «በሞትኩ» የሚለው ንግግር ራስን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ከሄደ ሰውየውን ለብቻው አይተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ከተጣሉት ወንድም ወይም ልጅ ጋር መታረቅም በዚህ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌ ላኩ፣ አትዘግዩ።

ሰባተኛ፦ ስለ ምግብና ጾም በአጭሩ

ሰው ሲያረጅ የውኃ ጥም ስሜቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳይጠማዎትም ይጠጡ። ጥርስ ሲያልቅ ምግብ ወደ እንጀራ በሻይ እንዳይወርድ ሽሮውን፣ የምስር ወጡን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱንና አይቡን ፍትፍትና ቅንጨ እያደረጉ ይመገቡ፤ የሚሟሽሸውን ጡንቻ የሚደግፈው እሱ ነው። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከጾም በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ ሙስሊሙም የማይድን ሕመም ያለበት ወይም በእርጅና የደከመ ሰው ፊድያ (በጾሙ ምትክ ለችግረኛ የሚሰጥ ምግብ) አውጥቶ መብላት እንደተፈቀደለት ያውቃል።

ስምንተኛ፦ ለልጆች

አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩ ልጆች፣ ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ አይበቃም እንጂ። ስትደውሉ «ደህና ናችሁ? ምን ጎደለ?» ብቻ አትበሉ። ጠይቋቸው። «እማዬ፣ ሽሮዬ አልጣፍጥ ብሎኛል፣ ቅመሙ ላይ ምን ትጨምሪያለሽ?» «አባዬ፣ ከባለቤቴ ወንድም ጋር በቤት ጉዳይ አልተስማማንም፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» የተጠየቀ ወላጅ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ሌላ ነው። መልሱን ተከትላችሁ ምን እንደሆነም በሚቀጥለው ስልክ ንገሯቸው። የተቆረጠ የስልክ ቀን ይኑራችሁ፤ ቀኑ ሲታወቅ ቀኑን ሙሉ ይጠብቁታል።

ወላጅን ወደ ከተማ ከመውሰዳችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። ሐይቅ ዳር ወይም ተንታ ላይ የኖረ ሰው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያውቀው ሰው የለውም። መውሰድ ግድ ከሆነ ለዓመት በዓል፣ ለቅሬው ስብሰባና ለእህል መግቢያ ወደ ቀዬው የምትመልሱበትን ጊዜ ከወዲሁ ወስኑ፤ በአዲሱ ሰፈርም በመጀመሪያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን አሳዩት፣ ከጎረቤት አዛውንት ጋር አስተዋውቁት።

ከአልጋ የማይነሳ ወላጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ አልጋውን ጓዳ አያስገባ። ቡና የሚፈላበት፣ እንግዳ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ይሁን። ገላ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎን ይቀየር፣ አንሶላው ደረቅና ያልተጨማደደ ይሁን። ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትሸከመው አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ገንዘብ የላከው ወንድም ግዴታውን የጨረሰ አይምሰለው፤ በየወሩ ጥቂት ቀን መጥቶ ይተካት፣ ካልቻለ የሚተካትን ሰው ደመወዝ ይክፈል። ተራውም በቃል ሳይሆን፣ ወንድምና እህት ሁሉ ባሉበት፣ በቀን ተቆጥሮ ይጻፍ።